ስለሚያፈስ ጣራ

ጣራ ደኅና ሆኖ ሳለ የሚያስታውሰው የለም፤ ማፍሰስ የጀመረ ዕለት ግን የቤተ ሰቡ ሁሉ ዐይን ወደ ላይ ይሆናል። እኛ ከአባታችን በወረስነው የቆርቆሮ ክዳን ቤት የምንኖር፣ በወር ደመወዝ የምንተዳደር ሰዎች ነን። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ኮርኒሱ ጠቁሮ ውሃው በእናታችን አልጋ ራስጌ ይንጠባጠብ ጀመር። ስፍራው አባታችን ያረፉበት ነውና እናታችን አልጋቸው ከዚያ እንዲነሣ አልፈቀዱም። አልጋው የማይነሣ ከሆነ ውሃው ሊነሣ ግድ ሆነ።

ያማከርነው አናጢ ክዳኑ በሙሉ ካልተለወጠ መፍትሔ የለውም አለ፤ ዋጋውም የብዙ ወር ደመወዛችንን የሚጠይቅ ነበር። እኛ ግን ከመለወጥ መመርመር ይቀድማል ብለን፣ ዝናሙ ባባራበት ቀን መሰላል አቆምን።

ውሃ ሁልጊዜ በገባበት ቦታ አይንጠባጠብም፤ በቀዳዳው ገብቶ እንጨቱን ተከትሎ ቁልቁል ከሄደ በኋላ ይወድቃል። ስለዚህ ከነጠብጣቡ በላይ፣ ወደ ጣራው አናት መፈለግ ይገባል። አንዱ ሰው ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እያለ በጣሳ ውሃ ያፈሳል፤ ሌላው ከኮርኒሱ በላይ ሆኖ በባትሪ ይጠባበቃል። እኛም እንዲህ ብናደርግ ውሃው ከአልጋው አራት ክንድ ያህል ርቆ ሲገባ አገኘነው። ቆርቆሮው ጤነኛ ነበር፤ ጥፋቱ የሦስት ሚስማሮች ነበር።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይሰፋል፣ ሌሊት በብርድ ይኰማተራል፤ ይህም ዘወትር ሲደጋገም ሚስማሩን ያላላዋል፤ ከራሱ ሥር ያለው ጎማም ደርቆ ይሰነጠቃል። ደግሞም ሚስማር በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ ሊመታ አይገባም፤ የእኛዎቹ ግን በቦዩ ላይ የተመቱ ነበሩ። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባስ ነው፤ ልባሱ ተፍቆ ባለቀበት ስፍራ ዝገት ይጀምራል። ስለዚህ ሚስማሮቹን ነቅለን፣ ዝገቱን ፍቀን፣ ቀዳዳዎቹን በሬንጅና በቁራጭ ቆርቆሮ ደፈንን፤ አዲሶቹንም ከነጎማቸው በጉብታው ላይ መታን። ወጪው ከደመወዛችን ላይ ጎልቶ አልታየም፤ እናታችንም ነሐሴን በደረቅ ትራስ ተኙ።

በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጉድለት የታየበትና ጉድለት የመጣበት ስፍራ ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። የታየበትን ብቻ የሚያስተካክል ሰው ከነጠብጣብ ሥር ሳሕን እንደሚያኖር ነው፤ ሳሕኑ ይሞላል፣ ጣራው ግን እንዳለ ነው። ሁሉንም ካላፈረስሁ የሚለውም ጤነኛውን ከታመመው ጋር ይጥላል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አንባቢያን ሆይ፣ ሰኔ ሳይገባ በግንቦት ጣራችሁን ወጥታችሁ እዩ፤ ሚስማሩንም አንድ በአንድ ቍጠሩት።