ሁለት ኢንች

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው መኪናውን ከፍ የሚያስደርገው በሁለት ምክንያት ነው፤ ወይ የሚሄድበት ጭቃ አለ፣ ወይ የሚያየው ጎረቤት አለ። እኛ ቤት ሁለቱም ነበሩ። ጭቃው የአባዬ፣ ጎረቤቱ የወንድሜ።

መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። ላንድክሩዘር ናት፤ «80» የሚባለው ሞዴል፣ የ1994 እ.ኤ.አ. ሥሪት፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌላት። ከእኔ በሦስት ዓመት ትበልጣለች። አባዬ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ነው የገዛት፤ በሯ ላይ የነበረው አርማ ቢላጥም ፀሐይ በጎን ሲመታው ቅርጹ ዛሬም ይታያል። «ለምን አትሸጧትም?» የሚሉን አሉ። ሸጠን ምን ልንገዛ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለህን ጠግነህ ያዝ ነው ነገሩ።

ይቺ መኪና ዓመቱን ሙሉ የምትሠራው ሥራ ሌላ፣ የምትኖርለት ሥራ ሌላ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከጀሞ ሜክሲኮ ትመላለሳለች። የምትኖረው ግን ለመስቀል ነው። ጉራጌ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልሆናችሁም መስከረም አጋማሽ ላይ የሰፈራችሁ ባለሱቅ የት እንደሚጠፋ ሳትጠይቁ አልቀራችሁም። እስከ ወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። ከዚያ ወደ እምድብር ይታጠፋል፤ ከዚያም አስፋልቱን ትቶ ወደ ውስጥ ይገባል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ክረምቱን ሙሉ ውኃ የጠጣ ቀይ አፈር ናቸው። ውስጥ ስምንት ሰው፣ ፖርቶመጋላው ላይ ስኳሩ፣ ቡናው፣ ሩዙ፣ ለአጎት የተገዛው ብርድ ልብስ … ስንመለስ ደግሞ ቆጮውና ቅቤው። የሄድነውን ያህል ክብደት ይዘን ነው የምንመለሰው።

ከሁለት መስቀል በፊት መኪናዋ «ጓ!» ማለት ጀመረች። ጉድጓድ ባገኘች ቁጥር የኋላው ሞላ እስከ መጨረሻው ይጨመቅና አክሱ ከማቆሚያው ጎማ ጋር ይጋጫል። ሜትር ይዤ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካሁ። የአራቱም ማዕዘን ልኬት የተለያየ ነው፤ ከሁሉም ዝቅ ያለው በሹፌሩ በኩል ያለው የፊቱ ነው። አባዬ ብቻውን እየነዳ የተቀመጠባት 20 ምናምን ዓመት እዚያ ላይ ተጽፏል ማለት ነው። አዲስ ሞላ ምን ያህል እንደሚቆም ካወቅን በኋላ ስንደምረው በአማካይ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ሰጥማለች።

እዚህ ላይ ወንድሜ ገባ። «መቀየራችን ካልቀረ ለምን ከፍ አናደርጋትም? 4 ኢንች!» 10 ሴንቲ ማለቱ ነው። ከስልኩ ላይ የአውስትራሊያ በረሃ ውስጥ የቆመች፣ ጎማዋ ትከሻዬ የሚደርስ 80 አሳየን። አባዬ ስልኩን ራቅ፣ ቀረብ አድርጎ አየና «ይቺ ሰው ትጭናለች?» ብሎ መለሰለት።

አንድ ጋራዥ ሄድን። ስሙን ተዉት። ሥራው የግማሽ ቀን ነው አሉን፤ ከአሮጌው ሞላ ስር የተቆረጠ ብረት ይደረብና ይነሳል። «ሌላውስ?» አልኩ። «ሌላው ምን?» «ፍሬኑ፣ መሪው …» «ኧረ ምንም አይሆንም!» አገራችን ውስጥ «ምንም አይሆንም» የምትባለውን ቃል ያህል የምፈራት ነገር የለም። ወጣን።

ሁለተኛው ሰው የዛፍ ጥላ ስር የሚሠሩ፣ ሽበታቸው ግሪስ የነካው መካኒክ ናቸው። ወንድሜ ስለ 4 ኢንች ሲያብራራላቸው ዝም ብለው ሰሙትና ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ከፍ የምናደርገው መኪናዋን ነው ወይስ ወንድምሽን?» አሉኝ። ከዚያ ቁጢጥ ብለው በእንጨት መሬት ላይ ሳሉልን። ሁለት ጎማ፣ መሃላቸው አንድ ወጥ አክስ፣ አክሱ ሆድ ላይ ዲፍረንሻሉ፣ ከላይ ሁለት ሞላ፣ ከሞላው በላይ ሻንሲው። «አሁን ሞላውን አስረዝሜ ሻንሲውን አነሳሁት። ዲፍረንሻሉ የት ሄደ?»

የትም አልሄደም። ወዳጆቼ፣ መኪና ከፍ ማድረግ የሚባለው ነገር ምሥጢሩ ይሄ ነው፤ እኛ ከተማ ግን የሚነግራችሁ የለም። እንደዚች ፊትም ኋላም ወጥ አክስ ያላት መኪና ላይ ሞላ ከፍ የሚያደርገው ቤቷን ነው፤ ድንጋዩን የሚነካው ዲፍረንሻል ግን አክሱ ላይ ስለሆነ ከመሬት የሚርቀው በጎማ ብቻ ነው። በጎማም ቢሆን ሒሳቡ ያሳዝናል። የእኛዋ 275/70 ባለ 16 ጎማ ነው፤ ዙሪያው መሃል ለመሃል ሲለካ 79 ሴንቲ ገደማ። ወንድሜ የተመኘው 285/75 ደግሞ 83 ከምናምን። ልዩነቱ 4 ሴንቲ ቢሆን ዲፍረንሻሉን የሚያነሳው ግማሹ ነው፤ 2 ሴንቲ። ለዚያች 2 ሴንቲ አራት ጎማ ትገዛላችሁ፤ የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል እናንተ 105 ላይ ናችሁ፤ ቱርቦ የሌላት ሞተር ደግሞ አቀበት ላይ ታቃስታለች።

«ታዲያ ለምን ከፍ እናደርጋታለን?» አለ ወንድሜ፣ ከልቡ አዝኖ።

ለጭነት ነው። ስምንት ሰውና ፖርቶመጋላ የተጫነበት መኪና ይሰጥማል። አዲስ ሞላ በፋብሪካው ልክ ከገባ የመስቀል ለት ተመልሶ ከማቆሚያው ጋር መቀራረቡ አይቀርም። 2 ኢንች፣ ማለትም 5 ሴንቲ ከፍ ያለና ጠንከር ያለ ሞላ ሲሆን ግን የተጫነችው መኪና ፋብሪካው ባዶዋን ባሰበላት ከፍታ አካባቢ ትቆማለች። ሁለት ኢንቹ ለዓይን የሚታየው ባዶ ስትሆን ነው። ሞላው ደግሞ በጭነት ልክ ተለይቶ ስለሚሸጥ ዝም ብሎ «ጠንካራውን» መግዛት አይደለም፤ ከጀሞ ሜክሲኮ ባዶዋን ስትሄድ እንደ ጋሪ ታንገጫግጫለች። እኛ መካከለኛውን መረጥን። ዱባይ ያለችው አክስቴ አራት ሞላና አራት ሾክ አብዞርበር በካርጎ ላከችልን። ዋጋውን አልጽፍም፤ አባዬ ያነባል።

እንግዲህ ብረቱ ቀላሉ ነገር ነው። ከባዱ ከከፍታው ጋር ታስሮ የሚመጣው ነው።

የብስክሌት ሹካ ልብ ብላችሁ አይታችኋል? ላዩ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው። እጅ ለቃችሁ ስትነዱ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ያ ነው። መኪናም የፊት ጎማ ላይ እንደዚያ ያለ ጋደል አለው፤ ካስተር ይሉታል። የ80 የፊት አክስ የታሰረው ከሻንሲው በሚመጡ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ነው። ሻንሲው ሲነሳ ክንዶቹ ያዘቀዝቁና አክሱን ያዞሩታል፤ ጋደሉ ይቀንሳል። የሚቀነሰው ጥቂት ዲግሪ ነው፤ ግን ከመጀመሪያውም ያለው ጥቂት ዲግሪ ነው። ውጤቱን አስፋልት ላይ ታዩታላችሁ፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ ወደ መሃል መመለስ ያስጠላዋል፣ መኪናው በ80 ፍጥነት እንደ ሰካራም ግራ ቀኝ ይላል። መፍትሔው ቀዳዳው ከመሃል የወጣ ልዩ ጎሚኒ ነው፤ ክንዱ አክሱን የሚይዝበት ቦታ ገብቶ አክሱን መልሶ ያዞረዋል። አሮጌውን ጎሚኒ በፕሬስ ለማስወጣት ግማሽ ቀን ፈጀ።

አክሱን ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግም አለ። መኪናዋ ስትነሳ አክሱን ትንሽ ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። በ2 ኢንች የሚመጣው ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ተውነው። በ4 ኢንች ግን አይተውም ነበር።

እንቅልፍ የነሳኝ ፍሬኑ ነው። ከኋላ፣ ሻንሲው ላይ አንድ ቫልቭ አለ፤ በቀጭን ዘንግ ከአክሱ ጋር ተያይዟል። ሥራው ጭነት መገመት ነው። መኪናው ሲጫን ኋላው ዝቅ ይላል፤ ዘንጉ ይገፋል፤ ቫልቩም «ከባድ ነን» ብሎ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ባዶ ሲሆን የኋላ ጎማ እንዳይቆለፍ ግፊቱን ይቀንሳል። እንግዲህ አስቡት፤ ሻንሲውን 5 ሴንቲ አነሳችሁ፣ ቫልቩን አልነካችሁም። ቫልቩ ምስኪን ነው፤ የሚያውቀው ርቀት ብቻ ነው። ስምንት ሰው ጭናችሁም «ባዶ ነን» ይላል። ቁልቁለት ላይ ሥራው ሁሉ የፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል። መስተካከያው ደግሞ የቫልቩን ማሰሪያ በተነሳው ልክ ማስተካከል ነው፤ አንድ ቁራጭ ብረትና ሁለት ቡሎን! ከአያቴና ከአክስቴ ልጆች ጋር የምወርደው ቁልቁለት በአንድ ቁራጭ ብረት ላይ የቆመ መሆኑን ሳስብ ያ «ምንም አይሆንም» እንደገና ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ስንት መኪና ይሆን እንዲያ ሆኖ የወጣው?

ሥራው ራሱ ሁለት ቀን ወሰደ። የዛጉትን ቡሎኖች ከዋዜማው ጀምሮ ናፍጣ አጠጧቸው። ሻንሲው ጠንካራ መቆሚያ ላይ ተቀመጠ (በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር የሚገባ ሰው መካኒኩ ጋ አይሠራም)፣ ሾኩ ተፈታ፣ አክሱ ቀስ ብሎ ወረደ፣ ሞላው በእጅ ወጣ። አክሱ ሲወርድ መካኒኩ ዓይናቸውን ከፍሬን ጎማ ቱቦው ላይ አልነቀሉም፤ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ቱቦው ከተወጠረ መንገድ ላይ ይበጠሳል። የክንዶቹን ቡሎኖች ደግሞ መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው ያጠበቋቸው፤ ተንጠልጥላ ከጠበቁ ጎሚኒው እንደተጠማዘዘ ኖሮ ቶሎ ይቀደዳል። ከዚያ አላይመንት፣ የመብራት ማስተካከል፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ቡሎኖቹን እንደገና መፈተሽ።

ሜትሬን ይዤ ለካሁ። 5 ሴንቲ የተባለው 8 ሆኗል። የሰጠመችው 3 ተመልሳ፣ የተጨመረው 5። መካኒኩ ይሄን ቀድመው ነግረውን ነበር፤ ወንድሜ ግን ባልጠበቀው ስጦታ ተደሰተ። ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ነዳት። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ አየኋት፤ የሞተር ክዳኑ ከፍ ብሏል፣ ከፊት የሚሻገር ትንሽ ልጅ ከበፊቱ ይበልጥ ይሸፈናል ማለት ነው። አባዬ አሁን ከግቢ ሲወጣ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ ያስወጣዋል።

መስቀል ደረሰ። 8 ሴንቲ ለጉልበት ሕመምተኛ ስንት እንደሆነ የታወቀው ያን ጠዋት ነው። አያታችን አንድ እግራቸውን አንስተው መወጣጫው ላይ ሊያደርሱት አልቻሉም። እኔ ሒሳብ አለኝ አልኩ፤ ሁሉም ሰው ከገባና ዕቃው ከተጫነ መኪናዋ በርካታ ሴንቲ ስለምትወርድ መጨረሻ ላይ ቢሳፈሩ ይቀላቸዋል። ሳስረዳቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ቀድሞ ነው የሚገባው፤ ወጣቱ ይከተላል።

«እኔ ሸክም ነኝ እንዴ መጨረሻ የምጫነው?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። ወንድሜ ወደ ውስጥ ሮጦ የቡና ዱካ ይዞ መጣ፤ ከበሩ ሥር አስቀመጠላት፤ በአንድ እጁ ክንዳቸውን ያዘ። አያታችን ቀድመው ገቡ። እኛ ተከተልን፤ ዕቃው ተጫነ፤ ሞላዎቹ ወረዱ፤ ዱካዋም ከኋላ ወንበር ሥር ገባች። ያን ዓመት «ጓ!» አላለችም። ጭቃው ላይ አባዬ ጎማዎቹን ከቦዩ አውጥቶ ከፍ ባለው ላይ እያስኬደ ዲፍረንሻሉን አተረፈ፤ እሱ እንኳ በሞላ አይገዛም። ጀፎረው ሣር ላይ ደግሞ ጎማ እንዳናሳርፍ መኪናዋን ከዳር አቁመን በእግር ገባን።

ዱካዋ እስካሁን መኪናዋ ውስጥ ናት። አባዬ አሁን የሞተር ዘይት ሲያይም የሚቆመው እሷ ላይ ነው።