የሐጂ ቤት ሳህኖች

ከክብረ መንግሥት ወደ ነገሌ የሚወርደው አውቶቡስ ወደራ ከተማ መግቢያ ላይ ጥሩንባውን ሲያሰማ የሐጂ ምግብ ቤት እሳቱ ይቆሰቆሳል። እኛ ልጆች አቧራው ሳይበርድ እንሮጣለን። ተሳፋሪ ከወረደ ፉል ይቀርባል፤ ፉል ከቀረበ ደግሞ የሐጂ ባለቤት እማማ በር ላይ ለቆመ ልጅ ሁሉ የተጠቀሰ ዳቦ አያጡም።

ጊዜው የ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። የሐጂ አባት ከየመን፣ ከሐድረሞት፣ ለንግድ የመጡ ነበሩ። ሐጂ ግን እዚሁ ደቡብ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ኦሮምኛቸው ከጉጂ ሽማግሌ አይተናነስም። ቤቱን የሚያሠሩት ከባለቤታቸውና ከልጆቻቸው ጋር ነው። ትልቋ ልጅ ፈጢራ ትለጥጣለች፣ ተከታዩ ሻይ ያፈላል፣ የመጨረሻው፣ የእኔ እኩያ፣ ሳህን ያጥባል። ሥራው ሲበዛ እኔም ሳልጠራ ገብቼ አጥቤያለሁ።

እዚያ ቤት «ለእኔ» ብሎ የሚያዝ ሰው አላስታውስም። ቀለማቸው የተፋቀ ትናንሽ የብረት ሳህኖች ጠረጴዛው መሃል ይደረደራሉ። በአንዱ ሌሊቱን ከሰል ላይ ሲንተከተክ ያደረ ባቄላ፣ ደቀቅ ብሎ፣ ከሙን ተነስንሶበት፣ በላዩ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ተከትፎበት፤ በሌላው እንቁላል፤ በሌላው በማር የተነከረ ፈጢራ፤ ጠርዙ ላይ እርጎ። በትንሿ ሳህን እማማ በድንጋይ የሚፈጩት ቢስባስ አለ። አዲስ አበቤ ተሳፋሪ እሱን ሳያውቅ ጠቅሶ እንባው ሲወርድ፣ የማያውቀው የዶሎ መስመር ኤንትሬ የጭነት መኪና ሾፌር ከጎኑ እርጎውን ያስጠጋለታል። ወሬያቸው የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ያኔ ያልገባኝ አሁን ይገባኛል። በአገራችን የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ ነው፤ ጎረቤት ሆኖ ኖሮ፣ ልጅ አብሮ አሳድጎ፣ ሥጋ ላይ ሲደርስ ሁሉም ወደ ራሱ ቢላዋ ይመለሳል። ሐጂ ቤትም ፍየል ይሠራ ነበር፤ የሚቀርበው ግን ማዶ ክፍል፣ ለሙስሊም እንግዳ ነው። ፊት ለፊት ባለው ክፍል የሚደረደሩት ትናንሽ ሳህኖች ሥጋ የለባቸውም። ከእነሱ አባቴም ይበላል፣ ሐጂም ይበላሉ፣ ከጅጅጋ የመጣውም ነጋዴ ይበላል። እማማ የእኛን የጾም ቀን ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። «ጋሼ፣ ዛሬ ዓርብ ነው» ይሉና አባቴ ፊት የነበረውን እንቁላልና እርጎ አንስተው ፉሉ ላይ ዘይት ይጨምሩበታል። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ቤቱ ዝግ ነው። ሲመሽ ግን በተሸፈነ ሳህን ሳምቡሳና ቴምር እቤታችን ይመጣል፤ እናቴ ሳህኑን ባዶውን መልሳ አታውቅም።

በገበያ ቀን ደግሞ የጉጂ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ለእነሱ እማማ ከጎረቤት የተማሩትን ቡና ቀላ ይሠራሉ፤ ከነገለባው የደረቀ ቡና ጫፉ በጥርስ ተቆርጦ፣ ቅቤ ውስጥ ሲጠበስ እየፈነዳ ቤቱን በመዓዛ ይሞላዋል። ከወተት ጋር በእንጨት ጣባ ይቀርባል። ሽማግሌው ሳይመርቁ የሚነካው የለም። ከተመረቀ በኋላ ጣባው ይዞራል፣ ፍሬው ይታኘካል፣ እጅ ላይ የቀረው ቅቤ ፀጉርና ክንድ ይቀባል። ለእኔም አንድ ጊዜ ደርሶኛል፤ ምሬቱና ቅቤው እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ።

ከነገሌ ጦር ሰፈር ወጥተው ወደራ የቀሩ አንድ የቀድሞ ወታደር የዘወትር ደንበኛ ነበሩ። ጥር 1966 የነገሌው ብርጌድ ወታደሮች በምግብና በውሃ ጉዳይ ሲያምፁ እዚያው ነበሩ። ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተናል ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው ከራሳቸው ምግብና ውሃ እንዳቀመሷቸው ሲተርኩ፣ ጠቅላላው ጠረጴዛ ዳቦውን እንደያዘ ይቀራል። ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 1967፣ መንግሥት ተገለበጠ። እሳቸው ግን ስለ መንግሥቱ ብዙ አይሉም፤ የሚያነሱት ስለ ውሃው ጨዋማነት ነው።

ሐጂ አረፉ፤ ልጆቹም ተበተኑ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳልፍ ቤቱ ስልክ መሸጫ ሆኗል። የድሮው በር አልተቀየረም፤ እማማ ለሻይ ዱቤ በከሰል የሚጭሩት ሰረዝ ካለ ብዬ ግድግዳውን ፈለግሁ፤ ቀለም ተቀብቷል።

የሐጂ ቤት ጠረጴዛ ተመልሶ ፊቴ የመጣብኝ አዲስ አበባ፣ እቤቴ ነው። የእኅቴ ልጅ ቤይሩት 6 ዓመት የሰው ቤት ሠርታለች። የሊባኖስ ገንዘብ ረክሶ፣ ደመወዟ ተቋርጦ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2012 የወደቡ ፍንዳታ መስኮቱን በላይዋ ካረገፈው በኋላ ነው የተመለሰችው። አንድ እሑድ «ሜዜ ልሥራላችሁ» አለችና ጠረጴዛውን በትናንሽ ሳህን ሞላችው፤ የሽምብራ ሑሙስ፣ በእሳት የተለበለበ ባዲንጃን፣ ፓርስሊው የበዛበት ታቡሌ፣ ፉል። ፉሉን ሳይ ዓይኔ ሞላ። ዘይቱ፣ ከሙኑ፣ ዳቦ እየቆረሱ መጥቀሱ፣ ሁሉም ያው የወደራው ነው።

ደርድራ ጨርሳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «ነይ እንጂ» አልኳት። «ጋሼ፣ እናንተ ብሉ» አለች። ስንጎተጉታት ነው የነገረችን፤ 6 ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ሳህን ስትደረድር አንድም ቀን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ አልበላችም፤ የእሷ ድርሻ ወጥ ቤት፣ እንግዳ ከሄደ በኋላ፣ የተረፈው ነበር።

ሐጂ ቤት ሳህን አጣቢው ልጅ እጁን በቀሚሱ አድርቆ ከአባቴ ጎን ይቀመጥ ነበር። ሐጂ እሱ ሳይቀመጥ «ቢስሚላህ» አይሉም።

ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት። ዳቦውን ሰጠኋት። ሁላችንም እጃችንን ሰብስበን፣ እሷ መጀመሪያ እስክትጠቅስ ጠበቅናት።