«ከሁሉ» ከየት መጣች?

ማቴዎስ 11፥11 ላይ ጌታ መጥምቁ ዮሐንስን ካመሰገነ በኋላ፣ በመንግሥተ ሰማያት ከሁሉ የሚያንሰው እንደሚበልጠው ይናገራል። ሰባኪው ጥቅሱን አንብቦ አለፈ፤ እኔ «ከሁሉ» ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ግሪኩ እንዲህ አይልም ሲባል የሰማሁ መስሎኝ ቤቴ ገብቼ አየሁ። እውነትም አይልም። ያለው «ሆ ሚክሮቴሮስ» ነው፤ የሚያንሰው። ከማን? ዝም።

የሰዋስው ሊቃውንት መልስ አላቸው። በአዲስ ኪዳን ዘመን ግሪክኛ «ከሁሉ» የሚለውን የቅጽል ደረጃ እየተወ ነበርና፣ ሁለት ነገር ማወዳደሪያው ቅጽል የሱንም ሥራ ደርቦ ያዘ። «ሜጊስቶስ»፣ ማለትም ከሁሉ ታላቅ፣ በመላው አዲስ ኪዳን አንዴ ብቻ ይገኛል፤ 2ኛ ጴጥሮስ 1፥4። ጳውሎስ እንኳ በ1ኛ ቆሮንቶስ 13፥13 ፍቅርን ከሦስቱ ሲያስበልጥ የተጠቀመው በማወዳደሪያው «ሜይዞን» ነው።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ዮሐንስ አፈወርቅ ግን የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም የሚያንሰው ራሱ ክርስቶስ ነው አለ፤ በዕድሜም በሕዝቡ ግምትም ከመጥምቁ ያንስ ነበርና። በሉቃስ 1፥36 ስሌት ልዩነቱ ስድስት ወር ገደማ ነው። «በመንግሥተ ሰማያት» የሚለውንም ወደ «ይበልጠዋል» ሳበው፤ በግሪኩ ሐረጉ መሀል ላይ ስለተቀመጠ ወደ ሳቡት ይሄዳል።

ይህን ትርጓሜ የምወድበት ምክንያት አለኝ። የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ነኝ፤ ሱቅ ስላክ፣ የወንድሞቼን አሮጌ ጫማ ስጨርስ ያደግሁ። «ታናሽ» እና «አነሰ» የአንድ ሥር ልጆች ስለሆኑ፣ ለአማርኛ ጆሮ የአፈወርቅ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። ማርቆስ 15፥40 ላይ «ሚክሮስ» የተባለውን ያዕቆብም የእኛዎቹ «ታናሹ» ብለውታል። ስለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ገባሁ፤ አገኘሁም። ማቴዎስ 5፥19 ላይ በመንግሥተ ሰማያት ታናሽ የሚባለው «ኤላኪስቶስ» ነው፤ ትክክለኛው የ«ከሁሉ» ደረጃ። ታዲያ ቃሉን እያወቀ 11፥11 ላይ ለምን ተወው?

ደስታዬን ያበላሸው ሉቃስ ነው። ይህንኑ ንግግር 7፥28 ላይ የጻፈው ሉቃስ፣ 9፥48 ላይ ከደቀ መዛሙርቱ ሁሉ መካከል የሚያንሰውን ያንኑ «ሚክሮቴሮስ» ብሎታል። እዚያ ውድድሩ ከሁሉም ጋር መሆኑ በግልጽ ተጽፏል።

ስለዚህ «ከሁሉ» ባለችበት ትቆይ፤ ተርጓሚዎቹ ከልባቸው አንቅተው አልጨመሯትም። ታናናሾች ሆይ፣ አፈወርቅን ጠቅሳችሁ ታላላቆቻችሁን ከመሞገታችሁ በፊት ሉቃስን አንብቡ።