ዓባይን በክረምት መውረድ

ክረምት ገብቶ ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ የጎጃም ልጆች ዓባይን እንሻገራለን። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ መውጣት። በዝናቡ መሬቱ ይንሸራተታል፣ አስፋልቱ ይሰነጠቃል፣ ጉሙ ከፊት ያለውን መኪና ይውጠዋል።

ባለፈው ሐምሌ ሾፌራችን አፋፉ ላይ ቆመ። ፍሬኑን ሞከረ፣ ጎማውን አየ፣ መስተዋቱን ወለወለ። ተሳፋሪው «ኧረ ጋሼ፣ መሸብን!» ይላል። እሱ ግን በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ ጀመረ። «ልጄ፣ ቁልቁለት የሚወረደው በሚወጣበት ማርሽ ነው» አለኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ በከባድ ማርሽ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። ፍሬን ብቻ ከተረገጠ ግን ሸራው ይግልና መያዝ ያቆማል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የሚመጣው ሐምሌ ሾፌሩ ሲያዘግም «ንዳው እንጂ!» የሚል ተማሪ ካለ ዝም አሰኙት። ዘግይተን ብንደርስ ደጀን ላይ ሻይ እንጠጣለን፤ ፍሬኑ ከጋለ ግን የሚጠብቀን ገደሉ ነው።