ከጨረቃ ጀርባ ያለ ጸጥታ

መቼም በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው አጭር ሞገድ ሬዲዮ አላውቅም ቢል አላምነውም። በደርግ ጊዜ አባቴ ማታ ማታ መስኮቱን ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ ጆሮውን ሬዲዮኑ ላይ ለጥፎ የውጭ ጣቢያ ይፈልግ ነበር። «ዝም በሉ እስቲ!» ይለናል። ከባሕር ማዶ የተነሳው ድምፅ እኛ ቤት የሚደርሰው አዮኖስፌር ከሚባለው፣ የፀሐይ ጨረር ኤሌክትሪክ ካሸከመው የአየር ንብርብር ላይ እየነጠረ መሆኑን ያወቅሁት በጎልማሳነቴ ነው።

ይኸው ጣሪያ ለካ ከላይ የሚመጣውንም አያስገባም! ከ10 ሜጋኸርዝ በታች ያለው የሰማይ ሞገድ አብዛኛው ምድር አይደርስም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ጆሯቸውን ከጣሪያው በላይ አወጡት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 ኤክስፕሎረር 38ን በምድር ዙሪያ አበረረች፤ እዚያም የምድር ጫጫታ አላስቀምጥ አለው። በ1973 ኤክስፕሎረር 49 ጨረቃን እንዲዞር ተላከ። ከጨረቃ ጀርባ ሲገባ የእኛ ጩኸት ጠፋ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ከዋክብት ገና ሳይበሩ፣ ዓለም ጨለማ ሳለች፣ ሃይድሮጅን የለቀቀውን ሞገድ ለመስማት ነው። («መስማት» የምለው ለአባባል ያህል ነው።) ሲነሳ 21 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ከ13 ቢሊዮን ዓመታት በላይ ሕዋው ሲለጠጥ አብሮ ተለጥጦ ዛሬ ዐሥር ሜትርና ከዚያም በላይ ሆኗል።

ረጅም ሞገድ ትልቅ ጆሮ ይፈልጋል። ኪሎ ሜትሮች የሚሰፋ አንቴና ደግሞ ማንም ሮኬት ላይ አይጭንም። መላው ትናንሽ ሳተላይቶችን አራርቆ ማብረርና የሰሙትን እንደ አንድ ጆሮ ማዋሐድ ነው። ቻይና በ2018 ይህንኑ ለመሞከር ሎንግጂያንግ 1 እና 2 የተባሉ ጥንዶችን ላከች። አንደኛዋ መንገድ ላይ ቀረች። 47 ኪሎ የምትመዝነው ሁለተኛዋ ብቻዋን ጨረቃን ስትዞር ከርማ፣ በሐምሌ 2019 ሆን ተብሎ ጨረቃ ላይ እንድትከሰከስ ተደረገ። አንድ ጆሮ ብቻውን ምን ያድርግ? አሳዘነችኝ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። በ2023 ኔዘርላንድስ ያለው ሎፋር ቴሌስኮፕ የስታርሊንክ ሳተላይቶች ሳይታሰብ ሞገድ እንደሚያፈስሱ አጋለጠ። ዓለም አቀፉ የሬዲዮ ደንብ ከጨረቃ ጀርባ ያለውን ጸጥታ ከልሎታል፤ ደግ ነው። ሆኖም እዚያ የሚያርፍ መንኮራኩር ምድርን ስለማያይ፣ መልእክቱን የምታቀብል ሳተላይት የግድ ያስፈልገዋል። ቻይና ሁለት ልካለች፤ አንዷን በ2018፣ ሌላዋን በ2024። ሌሎችም በዝግጅት ላይ ናቸው። ለማዳመጥ የሚሄዱትም ቢሆኑ የገዛ ኤሌክትሮኒክሳቸው ያጉረመርማል።