የእህታችን ቀልብ



ይህን ከመጻፋችን በፊት የታናሽ እህታችንን ፈቃድ ጠይቀናል። ‹‹እዚያ የደረሰብኝን አትጻፉ፤ እዚህ ያደረጋችሁኝን ግን ጻፉ›› አለችን። ስለዚህ ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ስትሠራ ያየችውን አናነሳም። የምናነሳው እኛ ወንድሞቿና እናታችን ያደረግነውን ነው።

እህታችን የተመለሰችው በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ሕጋዊ ፈቃድ የላቸውም ያላቸውን የውጭ ሠራተኞች ባስወጣ ጊዜ ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ሀገራቸው ገብተዋል። እኛም ኮልፌ ቤታችን በግ አርደን፣ ጎረቤት ጠርተን ተቀበልናት። አካሏ ጤነኛ ነበር። ‹‹አልሐምዱሊላህ›› ብለን ነገሩን ዘጋነው። በዓመቱ ዲኑን የሚያውቅ፣ በልብስ ስፌት የሚተዳደር ጨዋ ልጅ አገባት።

ችግሩ ከኒካሑ በኋላ ወጣ። ባሏ አምሽቶ ሲመጣ እንዳይቀሰቅሳት ብሎ በቀስታ ይገባል፤ እሷ ደግሞ የበሩን ድምፅ ስትሰማ ትጮሃለች፤ አለዚያም ደርቃ ትቀራለች። ምን ሆነሽ ሲላት መልስ የለም። ዝምታዋ እንደ ንቀት ይሰማውና ድምፁን ከፍ ያደርጋል። እሱ ድምፁን ከፍ ባደረገ መጠን እሷ ከፊቱ ቁጭ ብላ ትጠፋለች። ‹‹ትጠላኛለች፤ ለምን አስሬ አስቀምጣታለሁ?›› እስከ ማለት ደረሰ።

ሦስት ጊዜ ለሽምግልና ተቀመጥን። መምህር ነን፤ ከመድረሳውም ከዘመናዊው ትምህርት ቤትም የቀመስን ነን ስለሚባል ንግግሩ ለእኛ ተተወ። ስለ ሶብር፣ ስለ ባልና ሚስት ሐቅ፣ ሰዓት ያህል ተናገርን። እሷ ምንጣፉን እያየች ‹‹እሺ›› አለች። ያን ዕለት ከተናገርነው አንድ ቃል እንኳ እንዳልሰማች የነገረችን ከዓመታት በኋላ ነው።

ከዘመድ ‹‹ጂን ነው›› የሚል ተነሣ። ቁርኣን ሺፋእ መሆኑን አንጠራጠርም፤ በሩቅያም እናምናለን። ይሁን እንጂ የመጣው ሰው ከጀርባዋ ቆሞ በጆሮዋ ይጮህ ነበር፤ እንዳትነሣ ትከሻዋን የያዝነው ደግሞ እኛ ነን። ሁለት ወንድሞቿ፣ በሁለት በኩል። እህታችን ‹‹እዚህ ያደረጋችሁኝ›› ያለችው ይህንን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ለሳምንት ያህል አልተናገረችም፤ ቁርኣን ሲቀራ እንኳ ከክፍሉ መውጣት ጀመረች። ይህንን ስናይ ነው የደነገጥነው።

ነርስ የሆነች ጎረቤታችን ወደ አንዲት የሥነ ልቡና ባለሙያ መራችን። እኛ ጠባቂ ሆነን አብረናት ገባን። ባለሙያዋ ምን ደረሰብሽ ብለው አልጠየቋትም። ‹‹የትኛው ወንበር ላይ መቀመጥ ይሻልሻል?›› ነው ያሏት። በሩ ፊት ለፊት የሚታይበትን መረጠች። ከዚያ ዓይኗን ሳትጨፍን እግሯ መሬቱን ሲነካ እንዲሰማት፣ በክፍሉ ውስጥ የምታያቸውን ነገሮች አንድ በአንድ በስማቸው እንድትጠራ ነገሯት። መስኮት፣ መጋረጃ፣ የወንድሜ ጫማ። የመጀመሪያው ቀን ሕክምና ከዚህ ብዙም አላለፈም። እውነቱን ለመናገር ለዚህ ነው ገንዘብ የከፈልነው ብለን ነበር።

በኋላ ግን ምክንያቱን አስረዱን። በከባድ ፍርሃት ውስጥ ያለፈ ሰው አደጋው ካለፈ በኋላም አካሉ አደጋ ላይ እንዳለ ይቆጥራል። በር ሲንኳኳ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ያለፈው ዛሬ እንደሚሆን ሆኖ ይመጣል። በዚያ ሰዓት ምክር ቢዘንብ አይገባም። ስለዚህ ሕክምናው ከንግግር በፊት ሰውየውን አሁን ወዳለበት ቦታና ሰዓት ይመልሰዋል። ፈረንጆቹ ይህን መንገድ ‹‹ማይንድፉልነስ›› ይሉታል። በእኛ አነጋገር ‹‹ቀልብን መሰብሰብ›› ብንለው የሚቀርብ ይመስለናል።

ወደ ሕክምና ቤት ያስገቡት አሜሪካዊው ዶክተር ጆን ካባት ዚን ናቸው። እ.አ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕመማቸው አልለቅ ላላቸው በሽተኞች ሥልጠና ጀመሩ። ልምዱን የቀሰሙት ከቡድሃ እምነት ተከታዮች ነው፤ ይህንንም አልደበቁም። ለሕክምናው ሲያዘጋጁት ግን እምነቱን ለይተው አወጡት።

ከቡድሃ የመጣ መሆኑን ስናነብ ቅር አለን። እህታችንን ከሕመም ልናወጣ ብለን ሌላ ነገር ውስጥ እንዳናስገባት ሰጋን። ባለሙያዋን በግልጽ ጠየቅናቸው። የሚባል ቃል፣ የሚታመን ነገር፣ የሚሰገድለት አካል እንደሌለ አስረዱን፤ ስትደነግጥ ልቧን የሚያረጋ ዚክር ካለ እሱንም እንድትጠቀም ፈቀዱ። ፍርሃታችን ለቀቀን።

በተቃራኒው ‹‹ይህማ በሶላታችን ውስጥ ያለው ኹሹዕ ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?›› የሚሉ ወንድሞች አሉ። ይህም አልተዋጠልንም። ሶላት ለአላህ የሚቀርብ ዒባዳ ነው፤ የልብ ምትን ለማስታገስ ተብሎ የሚሰገድ አይደለም። ልብ ከረጋ ከአላህ የተገኘ ጸጋ ነው። ሕክምና ደግሞ ሕክምና ነው። የቀደሙት ዑለማዎችም ይህን ልዩነት ያውቁት ነበር። በ322 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት አቡ ዘይድ አልበልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፉት ኪታብ የነፍስን ሕመም ከአካል ሕመም ለይተው፣ ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን ለየብቻ ዘርዝረዋል። ጤነኛ ሰው ለክፉ ቀን መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ በደህና ጊዜው የሚያረጋጋ ሐሳብ ለነፍሱ እንዲያኖር ይመክራሉ። ኪታቡን ለዘመናችን አንባቢ ያስተዋወቁት እ.አ.አ. በ2021 ያረፉት ሱዳናዊው የሥነ ልቡና ምሁር ፕሮፌሰር ማሊክ በድሪ ናቸው፤ የምዕራባውያንን ሥነ ልቡና ሳያጣሩ መዋጥ አይገባም ብለው ሲከራከሩ የኖሩ ሰው መሆናቸውም ይታወቅ።

ዓይን ያለመጨፈሩን ነገር እናንሳ። በዚህ መንገድ ላይ የጻፉ አንዳንድ ባለሙያዎች፣ ለምሳሌ እ.አ.አ. በ2018 መጽሐፍ ያሳተሙት ዴቪድ ትሬሌቨን፣ የቆሰለ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጡ ብቻ እንዲመለከት ማድረግ የሸሸውን ነገር ሊያመጣበት እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። ከስልክ ላይ አውርዶ ቤት ውስጥ መሞከር የማይመከረውም ለዚህ ነው። ተአምርም አይደለም። እ.አ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በ116 የቀድሞ የአሜሪካ ወታደሮች ላይ ተሠርቶ ነበር። ሥልጠናውን የወሰዱት ምልክታቸው ከሌሎቹ ይልቅ በመጠኑ ቀንሷል፤ ከሕመሙ ጨርሰው በተላቀቁት ቁጥር ግን ልዩነት አልታየም።

ባሏ የተጠራው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። እኛን ሽማግሌዎቹን ግን ውጭ አስቀሩን፤ መቼም ደግ አደረጉ። ጥንዶችን በማጥናት የታወቁት አሜሪካዊው ጆን ጎትማን፣ በጭቅጭቅ መካከል የአንዱ ልብ በደቂቃ ከ100 በላይ መምታት ከጀመረ መደማመጥ እንደሚያበቃ፣ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ዕረፍት እንደሚያስፈልግ ይናገራሉ። ባሏ ይህንን ሲሰማ ‹‹ሐዲሡስ የተቆጣ ቆሞ ከሆነ ይቀመጥ፣ ካልለቀቀው ይጋደም አይደል የሚለን?›› አለ። ሐዲሡን ሽምግልና ላይ እኛም ጠቅሰንለት ነበር። በቁጣው ሰዓት ግን የራሱን የልብ ምት ልብ እንዲል ያስተማረው አልነበረም።

መጀመሪያ ላይ አልሠራም። ልቡ ሲመታ ተሰማውና ቃል ሳይናገር ወጥቶ ሄደ። ለእሷ ግን በሩን ዘግቶ ጥሏት የሚሄድ ሰው ከሚጮኸው የባሰ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስትንቀጠቀጥ አደረች። ከዚያ በኋላ ነው የተስማሙት፤ ሲወጣ ‹‹ውዱእ አድርጌ በሃያ ደቂቃ እመለሳለሁ›› ይላል፣ በሃያኛው ደቂቃም ይመለሳል። ሰዓቱን አንድ ቀን እንኳ አላዛነፈም። እሷም ዝም ስትል እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፤ ‹‹አልናቅኩህም፣ ፈርቼ ነው›› ማለት ነው።

ትከሻዋን ስለያዝንበት ቀን ዐፍው ጠየቅናት። ወዲያው አልመለሰችልንም። በሌላ ቀን ሻይ እየቀዳች፣ ‹‹እናንተ እኮ አላወቃችሁም ነበር›› አለችና ስኳሩን አቀበለችን።

ዛሬ ሁለት ልጆች አሏቸው። ቁርኣን ሲቀራ ትቀመጣለች፤ በርቀትም ቢሆን። ባሏ አምሽቶ ሲመጣ ገና ከውጭው በር ‹‹አሰላሙ ዐለይኩም›› ብሎ ጮክ ይልና ‹‹ወዐለይኩሙ ሰላም›› እስክትለው ቆሞ ይጠብቃል። የምትተኛው እስካሁን መብራት በርቶ ነው። የመብራቱን ሒሳብ እያየ አልፎ አልፎ ያጉረመርማል፤ ማጥፊያውን ግን አይነካም።