ያልታየው ሕመም

ተማሪዎች ሆይ! ቁርጥማት የሽማግሌዎች ዕጣ ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። እኔም በ26 ዓመቴ፣ በመምህርነት ሳገለግል፣ እስኪደርስብኝ ድረስ እንዲሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጧት ከመኝታዬ ስነሣ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉኝ። የሸሚዜን ቁልፍ ለመቈለፍ ብዙ ታገልሁ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ፤ ተማሪዎቼም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ጧት ጧት እንዲሁ ሆንሁ። ረፋዱ ላይ ግን ጣቶቼ ስለሚፍታቱ ከምሳ በኋላ እንደ ጤነኛ እጽፍ ነበር። ስለዚህም ባልደረቦቼ «ጧት ጧት ስንፍና ይይዘዋል» እያሉ ያሙኝ ጀመር። እኔም አፍሬ ለወራት ዝም አልሁ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የተባለው በእኔ ደረሰ።

በመጨረሻ የመረመረኝ ሐኪም ሕመሙ ሩማቶይድ አርትራይተስ እንደሚባል ነገረኝ። ሰውነትን ከተዋሲያን የሚጠብቀው መከላከያ ተሳስቶ የመገጣጠሚያዎችን የውስጥ ሽፋን ያጠቃል፤ መገጣጠሚያውም ያብጣል፤ ጧት ጧትም አልታዘዝ ይላል። ጎረቤቶቼ እንዳሉት ብርድ ያመጣው አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ወጣቶችንም ይይዛል፤ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት ባይገኝለትም፣ ሕክምናው በጊዜ ከተጀመረ የመገጣጠሚያን ጉዳት መግታት ይቻላል። ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ክርስቲያን ባርናርድ ይህ ሕመም የያዛቸው ገና በ30ዎቹ ዕድሜ ሳሉ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1967 ከሰው ወደ ሰው ልብ በማዛወር በዓለም የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ፈጽመዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 ከሙያቸው ያሰናበታቸውም የእጃቸው ሕመም ነው።

ከሐኪሙ ዘንድ ስመለስ ግን ያሰብሁት ስለ ራሴ አልነበረም። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ ከሰሌዳ ስትገለብጥ ከሁሉ ኋላ ስለ ቀረች፣ «ሰነፍ» ብዬ በጓደኞቿ ፊት አሳፍሬአት ነበር። እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች እንጂ አንዲት ቃል አልመለሰችም። ክረምቱ ሲያልፍ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ሕመም ይኑርባት አይኑርባት ዛሬም አላውቅም።

ስለዚህ ጓደኛችሁ ጧት ሲዘገይ ወይም እርሳስ መያዝ ሲያቅተው ከመሳቃችሁ በፊት ጠይቁት። መገጣጠሚያው አብጦ ለሳምንታት ከቈየም ወደ ሐኪም እንዲሄድ ምከሩት። እኔ ያን ጊዜ ማለት የነበረብኝ «ልጄ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ብቻ ነበር።